የእኩለ ሌሊት ቅርጫት ኳስ

ነገሩ ልክ እንደ ስሙ ነው። ሰፈሩ ሲተኛ ጂሙ ይከፈታል፣ መብራት ይበራል፣ ወጣቶች በቡድን ተከፋፍለው እስከ ሌሊት ይጫወታሉ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ግሌናርደን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ ታውቋት ይሆናል፣ በመኪና ያን ያህል አትርቅም። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ናት፣ ነዋሪዋም በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

ሐሳቡን ያመጣው ጂ. ቫን ስታንዲፈር የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ነው። በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ሥራ አስኪያጅ ማለት ንግግር የሚያደርግ ፖለቲከኛ አይደለም፤ ምክር ቤቱ ቀጥሮት በጀቱን፣ ቆሻሻውን፣ መንገዱን የሚከታተል፣ ሪፖርት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነው። ስታንዲፈርም የፖሊስ ሪፖርት ሲያይ አንድ ነገር ከነከነው፦ ወጣቶች የሚገቡበት ጣጣ በብዛት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ወቅቱ ክራክ የሚባለው ኮኬይን የአሜሪካን ከተሞች የሚያምስበት ነበር። ታዲያ በዚያ ሰዓት ለአንድ የ19 ዓመት ልጅ ምን ክፍት ነበር? የመዝናኛ ማዕከሉ ተቆልፏል። ችግሩ ሥራ ሲገባ መንግሥት ከሥራ ይወጣል ማለት ነው።

መጀመሪያ ያወጣቸው ደንቦች ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ተጫዋቾቹ ከ17 እስከ 21 ዓመት የሆኑ ወንዶች ይሁኑ፣ ጨዋታ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት አይጀመር፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ይገኙ። ሁለተኛው ደንብ ለኔ የፕሮግራሙ ብልሃት ሁሉ ያለበት ነው። ኳስማ ቀንም አለ፤ የጎደለው ሰዓቱ ነበር። አዲስ ሜዳ መሥራት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ያለውን ሜዳ ሌሊት መክፈት ግን ከሁሉ በላይ ቁልፍ የያዘ ሰው ይጠይቃል። ቁልፉ ያለው ደግሞ ባለሥልጣኑ ጋ ነው። በሌላ በኩል ማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ ስለለጠፈ ብቻ ማንም ወጣት ሌሊት ተነስቶ አይመጣም። የሚመጣው የሚያውቀው ሰው፣ የሰፈሩ አሰልጣኝ ወይም አስተባባሪ በስሙ ሲጠራው ነው። ስለዚህ ሥራው ከመነሻው ለሁለት የተከፈለ ነው፦ አዳራሹና ጥበቃው ከመንግሥት፣ ልጆቹና አመኔታው ከሰፈር። አንዱ ከጎደለ ወይ ባዶ ጂም ይቀራል፣ ወይ በር ላይ የቆመ ቡድን።

ሐሳቡን አገር ያወቀው ቺካጎ ስትወስደው ነው። በ1989 የከተማዋ የቤቶች ባለሥልጣን ሮክዌል ጋርደንስና ሄንሪ ሆርነር በሚባሉ የመንግሥት መኖሪያ መንደሮች ሊግ አቋቋመ። ያኔ በወንበዴ ቡድኖች ስማቸው የሚነሳ ሰፈሮች ነበሩ። ልጆቹ እንደ ኤንቢኤ ተጫዋች ማሊያና ጫማ ተሰጣቸው። ግን ከጨዋታ በኋላ ወደ ቤት መሮጥ የለም፤ ስለ ሥራ አፈላለግ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤና የሚሰጥ ስልጠና ላይ መቀመጥ ግዴታ ነበር። ስልጠናውን የቀረ አይጫወትም። ኳሱ መጥሪያ ነው፣ ሥራው ያለው ከኳሱ ቀጥሎ ነው።

በ1991 ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ ትልቁ ቡሽ ማለት ነው፣ ሜሪላንድ ድረስ መጥተው ፕሮግራሙን አመሰገኑ፣ ለበጎ ፈቃድ ሥራዎች የሚሰጡትን «የብርሃን ነጥብ» የተባለ እውቅናም ሰጡት። ሦስት ዓመት አለፈ። ቢል ክሊንተን የወንጀል መከላከያ ሕጋቸውን ይዘው ምክር ቤት ሲቀርቡ እዚያው ሰነድ ውስጥ ለሌሊት ስፖርት 40 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ተይዞ ነበር። ሕጉ በጠቅላላው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ የኳሱ ድርሻ ከሺህ አንድ እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ተቃዋሚዎች ግን ይህችኑ መዘዟት። የቡሽ ፓርቲ ሰዎች ጭምር «በግብር ከፋይ ገንዘብ ለወንጀለኛ ኳስ» እያሉ አፌዙባት፣ ሬዲዮውም ተቀባበለው፣ ነሐሴ ላይ ሕጉ ለውይይት ይቅረብ ወይስ አይቅረብ በሚል የሥነ ሥርዓት ድምፅ 225 ለ210 ወደቀ። በኋላ ተከልሶ በመስከረም 1994 ቢፈረምም የእኩለ ሌሊት ቅርጫት ኳስ ስሙ መቀለጃ ሆኖ ቀረ። የሰፈር ነገር ዋሽንግተን ሲገባ እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ካፌዙት ውስጥ ጂሙን ሄዶ ያየው ስንቱ ይሆን?

ወንጀል ቀነሰ ወይ? ዳግላስ ሃርትማንና ብሩክስ ዴፕሮ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት ፕሮግራሙን ቀድመው የጀመሩ ከተሞች ውስጥ የንብረት ወንጀል ከሌሎቹ ይበልጥ ወርዶ አገኙት። ራሳቸው ግን ይጠነቀቃሉ፤ በየከተማው የሚጫወቱት ልጆች ጥቂት ስለሆኑ ለውጡን ሁሉ እነሱ አመጡት ማለት አይቻልም፣ ምናልባት ከተማው ለወጣቱ ማሰብ መጀመሩ በራሱ ያመጣው ነገር ይኖራል ይላሉ። ከበድ ያለ ትችትም አለ። አንድን ልጅ ስለምትፈራው ብቻ ሜዳ ከከፈትክለት፣ ለሱ አስበህ ነው ወይስ ለራስህ? ጥቁር ወጣትን ከመነሻው እንደ አደጋ ያየ ፕሮግራም ነው የሚሉ ትክክል ናቸው ብዬ አስባለሁ። ሴቶቹም በመጀመሪያው ደንብ ጭራሽ አልታሰቡም።

ሐሳቡ ባሕር ተሻግሯል። አውስትራሊያ ውስጥ ያለው ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ፣ ለሴትም ለወንድም ነው፣ የሚያዘጋጁትም የየአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። ቅዳሜና እሁድን በተንተራሱ ምሽቶች መጀመሪያ ትኩስ እራት ይቀርባል፣ ስልጠናና ጨዋታ ይከተላል። ስልጠና ያልገባ ኳስ አይነካም፣ የቺካጎው ደንብ እዚያም ደርሷል። እኩለ ሌሊት ሲሆን ጂሙ ይዘጋል፣ አውቶቡስም ልጆቹን እየዞረ በየደጃቸው ያወርዳቸዋል።