በወርቅ የተለበጠ ሳንቲም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2008 በአሜሪካ የየግዛቱ ምልክት ያለባቸው ባለ 25 ሳንቲም ኳርተሮች በየዓመቱ አምስት አምስት እየሆኑ ወጡ። ነጋዴዎች እነዚህን ኳርተሮች በወርቅ እየለበጡ፣ በሚያምር ሣጥን አድርገው ሸጡ፤ ዛሬም በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ብዙ ሰው ለልጆቹ ቅርስ ያስቀመጠ እየመሰለው ገንዘቡን እዚህ ላይ ማፍሰሱ ያሳዝነኛል።

“ቢያንስ ወርቁ ዋጋ ያወጣል”

እስቲ እናስላው። የኳርተር ሁለቱ ፊቶችና ጠርዙ ሲደመሩ ስፋታቸው 10.6 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ልባጡ የማይክሮን አንድ አሥረኛ ውፍረት ቢኖረው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በላዩ ላይ ያለው ወርቅ 2 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። የአንድ ግራም ወርቅ ዋጋ 100 ዶላር ነው ብንል 20 ሳንቲም ይሆናል፤ ከራሱ ከኳርተሩ ያንሳል ማለት ነው። ይህንኑ ለማግኘትም ወርቁን ከሥሩ ካለው ኒኬልና መዳብ መለየት ያስፈልጋል፤ ወጪው ከወርቁ ይበልጣል። ወርቅ ቤት ወስዶ መሸጥ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሚዛንም ይመሰክራል። ባልተለበጠ ኳርተር ጠርዝ ላይ ቀላ ያለ የመዳብ መስመር ይታያል። ልባጡ መስመሩን ይሸፍነዋል፤ ክብደቱን ግን ያው 5.67 ግራም ይተወዋል። በዚያው መጠን ከንጹሕ ወርቅ ቢሠራ 12 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር።

“ሣጥኑ ላይ 24 ካራት ይላል፣ ሰርተፊኬትም አለው”

ካራት የወርቁን ጥራት እንጂ ብዛቱን አይናገርም። መጠየቅ ያለበት ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ነው። የአሜሪካ ሚንት (የመንግሥቱ ሳንቲም ማምረቻ) እነዚህን ኳርተሮች በወርቅ ለብጦ አላወጣም፤ ስለዚህ ሰርተፊኬቱ የሻጩ ወረቀት ነው። ሳንቲም ሰብሳቢዎች ደግሞ ከሚንት ከወጣ በኋላ የተለበጠን ሳንቲም እንደ ተበላሸ ነው የሚቆጥሩት።

“ሳንቲም መለበጥ ወንጀል ነው፤ ከተለበጠም ገንዘብነቱ ይቀራል”

ሥሩ እውነተኛ ኳርተር እስከሆነ ድረስ 25 ሳንቲምነቱ አይቀርም። የአሜሪካ ሕግ የሚቀጣው ለማጭበርበር ብሎ ሳንቲም የሚለውጠውን ነው። በ1883 የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። በዚያ ዓመት የወጣው አዲሱ የአምስት ሳንቲም ኒክል ላይ “5” ለማለት የሮማውያን ቁጥር ብቻ ተጻፈ፤ ሳንቲም የሚል ቃል አልነበረበትም። መጠኑ ከባለ አምስት ዶላሩ የወርቅ ገንዘብ ጋር በጣም ይቀራረብ ስለነበር፣ አጭበርባሪዎች በወርቅ እየለበጡ እንደ አምስት ዶላር ያሳልፉት ጀመር። ሚንቱ በዚያው ዓመት ቃሉን ጨመረበት።

“ሕጋዊ ገንዘብ ከተባለ ውድ ነው”

ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑ ዋስትና የሚሰጠው ላዩ ላይ ለተጻፈው ዋጋ ብቻ ነው፤ እሱም ባወጣው አገር ውስጥ። እንደ ኩክ ደሴቶችና ኒዌ ያሉ ትንንሽ አገሮች ለውጭ ሰብሳቢ በስማቸው የሚወጡ ሳንቲሞች አሏቸው፤ አሜሪካ ውስጥ ያለ ባለሱቅ እነሱን የመቀበል ግዴታ የለበትም። የድሮ ወርቅ ገንዘብ አስመስለው የሚሠሩት ደግሞ የየትኛውም አገር ገንዘብ አይደሉም። በ1973 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት “ኮፒ” የሚል ቃል ሊታተምባቸው ይገባል።

“ወርቃማው አንድ ዶላር ወርቅ አለበት”

ምንም የለበትም። በ2000 የወጣው የሳካጃዊያ ዶላር መዳብ፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝና ኒኬል ነው።

“50 ዶላር የተጻፈበት የወርቅ ሳንቲም 50 ዶላር ነው”

ይህኛው ስሕተት ሻጩን ነው የሚጎዳው። ከ1986 ጀምሮ የሚወጣው አሜሪካን ኢግል የተባለው ባለ አንድ ኦውንስ የወርቅ ሳንቲም 31.1 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው። ከላይ ባሰላንበት ዋጋ 3,110 ዶላር ማለት ነው።

“የድሮ ብር ወርቅ ሲቀባ ዋጋው ይጨምራል”

ከአያት የቀረ የማርያ ቴሬዛ ብር ያላችሁ እባካችሁ ወርቅ አታስቀቡት። 28 ግራም ከሚመዝነው ከዚህ ገንዘብ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ደግሞ ያልተነካ ገጹን ነው። ቅቡ የሚጨምርለት ጥቂት ሚሊግራም ወርቅ ሲሆን፣ ያን ገጽ ግን ለዘለቄታው ያሳጣዋል።