የቫይረስ ምርመራ በባሕር ዳር፦ ውጤቱ ምን ያህል ይታመናል?

በባሕር ዳር የኤች አይ ቪ ምርመራ ከጤና ጣቢያ እስከ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ይሰጣል። ኤች አይ ቪም ሆነ የጉበት ቫይረስ መጀመሪያ የሚታየው በአብዛኛው በፈጣን ኪት (በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት በሚሰጥ ትንሽ መመርመሪያ) ነው። ማሽን የሚጠይቁት ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል በቀጥታ የሚፈልግ ምርመራ) እና ቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካ ምርመራ) ግን እንደ አማራ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባሉ ትልልቅ ላብራቶሪዎች ይሠራሉ።

የኪት ትክክለኛነት በሁለት ቁጥር ይለካል። ሴንሲቲቪቲ ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ስንቱን እንደሚይዝ ያሳያል። ስፔሲፊሲቲ ደግሞ ከሌለባቸው ስንቱን በትክክል “ነፃ” እንደሚል። የዓለም ጤና ድርጅት ለኤች አይ ቪ ፈጣን ኪት ቢያንስ 99 በመቶ ሴንሲቲቪቲና 98 በመቶ ስፔሲፊሲቲ ይጠይቃል። ለኮቪድ አንቲጂን (የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልግ) ኪት የጠየቀው 80 እና 97 ነበር።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ያሳስታል። ሁለቱም 99 የሆኑለት ኪት አለ እንበል። ከ100 ሰው አንዱ ቫይረሱ ባለበት ከተማ 10,000 ሰው ተመረመረ። ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች 99ኙ ይያዛሉ። ከሌለባቸው 9,900 ሰዎች ውስጥም 99 ሰው በስህተት ፖዘቲቭ ይባላል። ፖዘቲቭ ከተባሉት ግማሹ በስህተት ነው ማለት ነው! ለዚህ ነው በአንድ ኪት ብቻ ማንም “አለብህ” የማይባለው። ድርጅቱ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለያዩ ኪቶች ሦስት ተከታታይ ፖዘቲቭ እንዲገኝ ይመክራል። “እስቲ ድጋሚ እንየው” ያለ ባለሙያ ሥራውን በአግባቡ እየሠራ ነው፤ አትደንግጡ።

ኔጌቲቭም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ የኤች አይ ቪ ኪቶች የሚፈልጉት ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው። እሱ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ይወስዳል። ትናንት ተጋልጦ ዛሬ “ነፃ ነኝ” ማለት ራስን መሸወድ ነው። ቫይረሱ ካለባት እናት በተወለዱ ሕፃናት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የእናት አንቲቦዲ እስከ 18 ወር ደማቸው ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ቫይረሱን በቀጥታ የሚፈልግ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ቫይራል ሎዱ “አይታይም” የተባለ ሰውም መድኃኒቱ ሠራለት እንጂ ቫይረሱ ከሰውነቱ አልወጣም። ጠበል ቢጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ጣና ዳር ትኩሳት ሲመጣ ሁሉም ቀድሞ የሚጠረጥረው ወባን ነው። የወባ ኪት ኔጌቲቭ ቢልም ስለ ቫይረስ የሚነግረን ነገር የለም።

አያያዙም ሊታሰብበት ይገባል። አብዛኞቹ ኪቶች ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣሉ። በሚያዝያ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ይህን በቀላሉ ያልፋል። ውጤቱም አምራቹ በወሰነው ደቂቃ ውስጥ ይነበባል። ከዚያ በኋላ ዘግይቶ ብቅ ያለ መስመር አይቆጠርም።