ካሩሰል ምንድን ነው?

ካሩሰል በካርኒቫልና በመዝናኛ ስፍራዎች የሚገኝ፣ በመሃል ምሰሶ ዙሪያ የሚሽከረከር ክብ መድረክ ነው። መድረኩ ላይ ቀለም የተቀቡ ፈረሶች ተደርድረዋል፤ ከላይ ሾጣጣ ጣሪያ፣ በዙሪያው መብራትና መስተዋት አለው፤ ሙዚቃው ከሩቅ ይጣራል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ ይህኛው ፈረስ ማድረሱንም ትቶታል። ሲያዞር ቆይቶ ያወርዳል፣ አለቀ።

ለትንሽ ልጅ ግን ትልቁ ጥቅሙ የትም አለመድረሱ ነው። የካርኒቫል ትልልቅ መጫወቻዎች የሚመኩት በከፍታ ወይም በፍጥነት ነው፤ ብዙዎቹ የቁመት ገደብ ስላላቸው የሦስት ዓመት ልጅ ከበር ይመለሳል። ካሩሰል ላይ ልጁ ከአባቱ ይርቃል፣ ከምሰሶው ጀርባ ይሰወራል፣ ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ብቅ ይላል። በመጀመሪያው ዙር ዘንጉን በሁለት እጁ አንቆ ይይዛል፤ ቀጥሎ አንዱን እጅ ያላቅቃል፤ ትንሽ ቆይቶ አባቱ እዚያ መቆሙንም ይረሳል። ፍርሃትን እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ መጥኖ የሚያቀምስ ሌላ መጫወቻ አላውቅም።

የሕፃናት መጫወቻ ከመሆኑ በፊት የጦረኞች ነበር። በአውሮፓ መኳንንት እየጋለቡ የተንጠለጠለች ቀለበት በጦር ጫፍ የመውጋት ውድድር ያደርጉ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1662 በፓሪስ፣ በቱይለሪ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ታላቅ የፈረስ ትርኢት አሰናድቶ ነበር፤ ቦታው ዛሬም የካሩሰል አደባባይ ተብሎ ይጠራል። ለልምምድ ሲባል እውነተኛውን ፈረስ ከማድከም በምሰሶ ዙሪያ የሚዞር የእንጨት ፈረስ ተሠራ፤ የሚያዞሩትም ሰዎች ወይም እንስሳት ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳቬጅ የእንፋሎት ሞተር የተገጠመላቸውን በብዛት ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ ካሩሰልም ለሕዝብ በዓል የሚሆን ትልቅ ማሽን ሆነ። የቀለበቷ ነገር ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በአሜሪካ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት፣ በ1876 በተሠራው ፍላይንግ ሆርስስ በተባለ ካሩሰል ላይ ልጆች እየዞሩ እጃቸውን ዘርግተው ቀለበት ይመነጭቃሉ፤ የነሐሷን ያገኘ አንድ ጊዜ በነጻ ይሳፈራል።

በተለመደው ካሩሰል ፈረሶቹ ከፍ ዝቅ የሚሉት ከታች ባለ ነገር አይደለም። እያንዳንዱን ፈረስ ሰንጥቆ የሚያልፈው ዘንግ ጣሪያው ሥር ካለ የተጠማዘዘ ብረት ጋር ተያይዟል፤ መድረኩ ሲዞር ይህ ብረት በጥርሳም ጎማ አማካይነት አብሮ ይሽከረከርና ዘንጉን እየሳበ ይለቀዋል። የጎረቤቱ ፈረስ ብረት በሌላ አቅጣጫ ስለተጠማዘዘ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል።

ወላጅ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ረድፉን ነው። ሁሉም ፈረሶች አንድ ዙር የሚጨርሱት በእኩል ጊዜ ቢሆንም፣ የውጪው ረድፍ የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል። መድረኩ በደቂቃ 5 ጊዜ ይዞራል እንበል። ከመሃል 2 ሜትር ርቆ የቆመ ፈረስ በሰዓት ወደ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 4 ሜትር የራቀው ደግሞ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል። የመጀመሪያው የእግረኛ እርምጃ ነው፤ ሁለተኛው ሶምሶማ ነው። ሰውነትን ወደ ውጪ የሚገፋ የሚመስለው ስሜትም በዚያው ልክ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለጀማሪ ልጅ የውስጥ ረድፍ ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ ፈረሶች የሚገኙትም እዚያው ነው። የማይንቀሳቀስ ፈረስ ወይም መቀመጫ ካለ ደግሞ ከዚያ መጀመር አያሳፍርም። ወላጁ አብሮ ከተሳፈረ በልጁ የውጪ ጎን ቢቆም ይሻላል፤ ልጁ ቢያዘነብል የሚያዘነብለው ወደዚያ ነውና። ከመድረኩ መውረድ ያለበትም ፍጹም ከቆመ በኋላ ብቻ ነው።

የሚዞርበት አቅጣጫ እንኳ እንደ አገሩ ይለያያል። በብሪታንያ ካሩሰሎች እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራሉ፤ በአሜሪካ በተቃራኒው። አሜሪካኖቹ ጠራቢዎች ታዲያ ለተመልካች የሚታየውን የፈረሱን ቀኝ ጎን በጌጥ፣ በአበባና በዶቃ መሰል ቅርጽ ያንቆጠቁጡታል፤ ወደ ውስጥ የዞረውን ግራ ጎን ግን በቁጠባ ያልፉታል። ብልሃት ነው እንጂ ስንፍና አልለውም።

ማዞሩስ? በውስጠኛው ጆሯችን ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና መዞራችንን ለአንጎል ያሳብቃል። ድንገት ስንቆም ፈሳሹ ለጥቂት ጊዜ መፍሰሱን ስለማያቆም ዓለም ወደ ሌላ አቅጣጫ የምትዞር ይመስለናል። ልጁ ሲወርድ የሚንገዳገደው ለዚህ ነው፤ እጁን ይዞ ትንሽ መቆም ይበቃል። ማቅለሽለሽ የሚመጣው ግን ጆሮና ዓይን ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በዚህ እምብዛም አይቸገሩም። እየዞረ በስልክ ቪዲዮ የሚቀርጽ አባት ግን ችግሩን ራሱ ይጠራል፤ ዓይኑ ከማይነቃነቅ ስክሪን ላይ ተተክሎ ጆሮው መዞሩን ይነግረዋልና። ቪዲዮውን መሬት ላይ የቀረው ሰው ይቅረጸው፤ ያጌጠው የፈረሱ ጎን የሚታየውም ከዚያ ነው።