ስለ ሊያ ከበደ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ በትምህርት ቤት የድራማና የሚኒ ሚዲያ ክበባት የሚሳተፉ ልጃገረዶች ሞዴል ወይም ተዋናይት የመሆን ምኞታቸውን ሲናገሩ ከሚያነሷቸው ስሞች አንዱ የኢትዮጵያዊቷ ሞዴልና ተዋናይት የሊያ ከበደ ነው። ከስሟ ጋር ተያይዞ የሚነገረው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የራቀ ነው። ልጆቹ የሚመኙትን ሙያ በትክክል ሊያውቁት ስለሚገባ፣ ደጋግመው የሚሰሙትን አባባሎች አንድ በአንድ መመልከት ያስፈልጋል።

«በቁንጅና ውድድር አሸንፋ ነው የታወቀችው»

አይደለም። ሊያ እ.ኤ.አ. በ1978 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ተወልዳ በሊሴ ገብረ ማርያም ስትማር ሳለ አንድ የፊልም ባለሙያ ከአንድ ፈረንሳዊ የሞዴሎች ወኪል ጋር አስተዋወቃት፤ ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላም ለሥራ ወደ ፓሪስ ሄደች። በቁንጅና ውድድር ዳኞች በአንድ ምሽት ፈርደው ዘውድ ይደፋሉ። ሞዴልነት ግን ልብስ እንዲሸጥ የሚሠራ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ ሞዴሏ ለእያንዳንዱ ትርዒት እንደ አዲስ ትመረጣለች፣ ብዙ ጊዜም ሳትመረጥ ትመለሳለች።

«ዕድል በአንድ ቀን ከፍ አደረጋት»

ፓሪስ እንደገባች በሩ ሁሉ አልተከፈተላትም። ወደ አሜሪካ ተሻግራ ቺካጎ በሚኖረው ወንድሟ ዘንድ ተቀመጠች፤ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ አመራች። እ.ኤ.አ. በ2000 ዲዛይነሩ ቶም ፎርድ ለጣሊያኑ የፋሽን ቤት ለጉቺ ትርዒት መረጣት። በግንቦት 2002 የፓሪሱ ቮግ መጽሔት ሙሉ እትሙን ለእሷ ሰጠ፤ በ2003 ደግሞ የመዋቢያ ምርት አምራቹ ኤስቲ ላውደር በ57 ዓመት ታሪኩ ውስጥ ምርቱን የምትወክል የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አደረጋት። ከሩቅ የሚታየው የመጽሔቱ ሽፋን ነው፤ ከሽፋኑ በፊት ያለፉት ዓመታት ግን ከታሪኩ ሊነጠሉ አይገባም።

«የበረሃ አበባ የራሷ የሊያ ታሪክ ነው»

በ2009 ለእይታ የበቃው ይህ ፊልም የዋሪስ ዲሪ ታሪክ ነው። ዋሪስ በልጅነቷ ለአንድ ሽማግሌ ልትዳር ስትል ከቤተሰቧ የጠፋች፣ ለንደን ገብታ በጽዳት ሥራ ስትተዳደር ቆይታ ሞዴል የሆነች ሶማሊያዊት ናት። የሕይወት ታሪኳን በ1998 በመጽሐፍ አውጥታለች፤ የሴት ልጅ ግርዛትን በመቃወምም የተባበሩት መንግሥታት ልዩ አምባሳደር ሆና አገልግላለች። ሊያ የተጫወተችው እሷን ነው። አንዲት ተዋናይት የሌላ ሰው ሥቃይ የራሷ እስኪመስል ድረስ ማሳየቷ የሙያ ብቃቷን ይመሰክራል እንጂ ታሪኩን የእሷ አያደርገውም።

«ግርዛቱ የበረሃ ሰው ነገር ነው፤ ደጋውን አይመለከትም»

ከሁሉም ይልቅ ሊታረም የሚገባው ይህ አባባል ነው። ዋሪስ የደረሰባት ብልትን ቆርጦ መስፋት በእኛ አካባቢ የተለመደ አለመሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ የአገራችን ሴቶች ውስጥ 65 በመቶ የሚሆኑት የተገረዙ ናቸው፤ በአማራ አካባቢዎችም ድርጊቱ በአብዛኛው የሚፈጸመው ልጅቷ ገና ጨቅላ ሳለች ስለሆነ፣ አድጋ የምታስታውሰውና የምትናገረው ነገር ላይኖር ይችላል። «ያልተገረዘች ሴት ዕቃ ትሰብራለች» የሚለውን የአያቶች አባባል ያልሰማ የሰሜን ሸዋ ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ግርዛትን፣ በአንቀጽ 566 ደግሞ ብልትን መስፋትን ወንጀል አድርጓል። ፊልሙን አይቶ «የሌላ አገር ጉዳይ ነው» ብሎ የሚያልፍ ተመልካች በገዛ ቤቱ ያለውን አላየም።

«መልክ ላላት ሴት ትወና ቀላል ነው»

ይህን የሚል ሰው ከፊልሙ የሆስፒታሉን ትዕይንት ደግሞ ይመልከት። ዋሪስ አልጋ ላይ ሳለች እንግሊዛዊው ሐኪም ሊረዳት እንደሚችል ይነግራታል፤ ቃሉን እንዲተረጉም የተጠራው ሶማሊያዊ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ግን በመተርጎም ፈንታ፣ ገላዋን ለነጭ ወንድ በማሳየቷ ልታፍር እንደሚገባ በሶማሊኛ ይገሥጻታል። ሐኪሙ የተባለውን አያውቅም፤ እሷም አትናገርበትም። ሊያ እዚህ ላይ የምትደገፍበት ንግግር የላትም፤ ተስፋው፣ ድንጋጤውና እፍረቱ በፊቷ ላይ ተራ በተራ መምጣት አለባቸው። በዚያ ላይ ለዓመታት በፋሽን መድረክ የተራመደች ሴት፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጋ የማታውቅ ልጅ ሆና ለመታየት የለመደችውን አረማመድ መተው ነበረባት። እዚህም የደረሰችው በአንድ እርምጃ አይደለም፤ ቀደም ሲል በ2005 በሎርድ ኦፍ ዋር፣ በ2006 ደግሞ ሮበርት ደ ኒሮ ባዘጋጀው ዘ ጉድ ሼፐርድ ውስጥ አነስተኛ ሚናዎችን ሠርታለች።

«ተዋናይት ስትሆን ሞዴልነቱን ተወች»

አልተወችም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬደቻቸው። የትወና ሥራ በጀመረችባቸው ዓመታት፣ በ2007፣ ፎርብስ መጽሔት ከፍተኛ ገቢ ካላቸው የዓለም ሞዴሎች ተርታ አሰልፏታል።

«ለምለም የእርዳታ ድርጅት ነው»

ሁለት ሥራዎች እየተምታቱ ነው። ሊያ በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶች፣ የጨቅላ ሕፃናትና የልጆች ጤና የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆናለች፤ በዚያው ዓመትም በእናቶች ጤና ላይ የሚሠራ ፋውንዴሽን አቋቁማለች። በ2007 የመሠረተችው ለምለም ግን የኢትዮጵያ ሸማኔዎች በእጃቸው የሚሠሩትን የጥጥ ልብስ ለውጭ ገበያ የሚያቀርብ የንግድ ድርጅት ነው። ልዩነቱን የመንዝ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ሴቶቹ የበግ ፀጉር ፈትለው፣ ሸማኔው ድሩን ወጥሮ፣ እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ የጨረሰው ባና ገበያ ወጥቶ ዋጋው በርካሽ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሲሰበር፣ የጎደለው ምጽዋት ሳይሆን መጠኑንና ቀለሙን አስቀድሞ የሚያዝ፣ በቀጠሮውም የሚከፍል ገዢ ነው።