«የባልና ሚስት ነገር ነው» እና ሌሎች አደገኛ አባባሎች

ጎረቤት ጩኸት ይሰማል። በሩን ግን አያንኳኳም። «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ነገ ይታረቃሉ» ይላል። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሴቶች 63ቱ እንኳ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ብለው መልሰዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም እንደ ባልና ሚስት አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወንጀል መሆኑን ይደነግጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ፖሊስ የሚጠራው በ991 ነው። ጎረቤትም መደወል ይችላል። አደራ፣ ይደውል።

«መጀመሪያ ሽማግሌ ይየው።» ሽማግሌ የተጣሉትን ያስታርቃል። ድብደባ ግን ጠብ አይደለም፤ አንዱ መቺ፣ ሌላው ተመቺ ነው። «ቻይው» የምትባለውም አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። ሽማግሌው ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚያው የምታድረው እሷ ናት።

«ታዲያ ለምን ጥላው አትወጣም?» ይህ ጥያቄ በጣም ያመኛል። አደጋው የሚብሰው ልትወጣ ስትል ወይም እንደወጣች ነውና። ስለዚህ እህቴ፣ አስቀድመሽ ተዘጋጂ። መታወቂያሽን፣ የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬቶችን፣ የልጆችሽን የክትባት ካርድ ፎቶኮፒ አድርገሽ ከትንሽ ገንዘብ ጋር የምታምኛት ሰው ዘንድ አስቀምጪ። ነገር ሲከር ከማዕድ ቤት ራቂ፤ ቢላውም የፈላ ውሃውም እዚያ ነው። ወደ መውጫ በር የቀረበ ክፍል ይሻላል። ከጎረቤትሽ ጋር ደግሞ የምስጢር ቃል ይኑራችሁ። ልጅሽ መጥቶ «እማዬ ወንፊት አውሺኝ ብላለች» ካላት፣ ወንፊት አትፈልግ፤ ፖሊስ ጋ ትደውል። የዕቅዱን ነገር እሱ ፊት አታንሺ፣ ስልክሽ ላይም አትጻፊው።

«ደም ካልወጣ ሐኪም ምን ያደርጋል?» አንገትሽን ካነቀሽ ምልክት ባይታይም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። አንዴ ያነቀ ሰው ሌላ ቀን ሊገድል የሚችልበት ዕድልም ከፍ ይላል። አስገድዶ ከደፈረሽ ደግሞ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። ለሐኪሙ «ወድቄ ነው» አትበዪ። እውነቱን ንገሪው፣ ካርድሽ ላይ ይጻፍልሽ።

«መሄጃ የለኝም።» ለሴቶችና ለልጆቻቸው የተዘጋጁ መጠለያዎች አሉ፤ አድራሻቸው በይፋ አይነገርም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 የሕግ ምክር ይሰጣል። ከቻልሽ ከሰው ስልክ ደውይ። በራስሽ ከደወልሽ ቁጥሩን ከስልክሽ ላይ አጥፊው።