በጦርነት የተከለከለ ጥይት ፖሊስ ለምን ይታጠቃል?

ጫፉ የተቦረቦረ ጥይት በጦርነት ክልክል ከሆነ የአሜሪካ ፖሊስ እንዴት ይይዘዋል? ጥይቱን የከለከለው እ.ኤ.አ. የ1899 የሄግ መግለጫ የሚመለከተው በፈራሚ አገሮች መካከል የሚደረግ ጦርነትን ነው፤ የፖሊስን የዕለት ሥራ አይነካም።

ፖሊስ የሚመርጠውም ለጭካኔ አይደለም። ይህ አረር አካል ሲመታ ጫፉ ተከፍቶ ስለሚሰፋ ቶሎ ይቆማል፤ ድፍኑ ግን በስቶ ወጥቶ ከኋላ ያለ መንገደኛ ሊያገኝ ይችላል።

ቶሎ መቆሙም ከበዛ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ላይ አንድ የ9 ሚሊሜትር አረር የወንጀለኛውን ክንድ በስቶ ደረቱ ውስጥ ገባና ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰውዬው መተኮሱን ቀጠለ፤ በዚያ ግጭት 2 የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ወኪሎች ሞቱ። ኤፍቢአይ ከዚያ በኋላ መለኪያ አወጣ፦ አረሩ የሰው ሥጋን ተክቶ ለሙከራ በሚያገለግል በ10 በመቶ ጄላቲን ውስጥ ከ12 እስከ 18 ኢንች፣ ማለትም ከ30 እስከ 46 ሴንቲሜትር ገደማ መዝለቅ አለበት። ተኩሱ በባዶ ጄላቲን ላይ ብቻ አይደለም፤ በወፍራም ልብስ፣ በብረት ላሜራ፣ በጂብሰም፣ በኮምፔንሳቶና በመኪና መስታወት በኩልም ይሞከራል። ልብስ ቀላል ይመስላል እንጂ ጨርቁ ቀዳዳውን ሲወትፈው አረሩ ሳይሰፋ እንደ ድፍን ያልፋል።

የሚለያየው ምርጫው ነው። የኤፍቢአይ መለኪያ ሌላውን ፖሊስ አያስገድድም፤ ሽጉጡንም ጥይቱንም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ራሱ ይወስናል። ኤፍቢአይ ራሱ ወደ 10 ሚሊሜትር፣ ከዚያ ወደ .40 ኢንች ሄዶ በመጨረሻ ወደ 9 ሚሊሜትር ተመልሷል፤ አዲሶቹ የ9 ጥይቶች ፈተናውን ያልፋሉ፣ ሲተኮሱ ሽጉጡን ወደ ኋላ የሚገፉበት ኃይል ስለሚቀንስም ዒላማ መምታት ይቀላል።