«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፦ ከመዋጮ ያለፈው ትርጉም

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው መዋጮ ሲጠየቅ ነው። እድርተኛ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ወይም የሰፈር ልጅ ሲዳር አንድ አዛውንት ይነሱና «መቼም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። ከዚያ ወረቀት ይዞራል፤ ስምና ብር ይጻፋል። አንዱን ያጎበጠ ነገር ሲተጋገዙበት ይቀልላል ማለት ነው።

ትርጉሙ ትክክል ነው። ግን ግማሹ ይቀረዋል። ተረቱ ሃምሳ ድንጋይ ማለት ይችል ነበር። የመረጠው ግን ሎሚን ነው፤ ሰው ወዶ የሚይዘውን ነገር።

ሎሚ እንዴት ጌጥ እንደሚሆን ለማየት ጥምቀትን ማሰብ ይበቃል። ታቦት ሊያጅብ የወጣ ጎረምሳ ሎሚ ይዞ ይወጣል። ዓይኑ ያረፈባትን ልጅ ሲያገኝ ደረቷን በሎሚው ይመታል፤ ወድጄሻለሁ ማለቱ ነው። ከበዓል ውጭም አውቶቡስ ላይ የሚያቅለሸልሸው ሰው አንዲት ሎሚ በእጁ ይይዛል። ልጣጩን በጥፍሩ ጫር ያደርግና ያሸታል። ለዚህም ለዚያም አንዲት ሎሚ ትበቃለች። ሃምሳውን ብቻውን ያቀፈ ሰው ግን አንዱን ላሽትት ሲል ሌላው ይንከባለልበታል።

ስለዚህ እኔ ተረቱን የምሰማው ስለ ሀብት እንደተነገረ አድርጌ ነው። ሎሚ አይብዛ አላለም። ባለሀብት አይኑር አላለም። ሁሉም አንድ እጅ ላይ ሲከማች ለያዘውም አይበጅም ነው ያለው። «ለያዘውም» የምትለዋን ብዙዎቻችን እንዘላታለን። ስለ ሀብታምና ድሃ ስናወራ የሚታየን ያጣው ብቻ ነውና።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ታሪክ እንይ። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለታላላቅ የዓለም ልብስ ብራንዶች የሚሰፉ ፋብሪካዎች ይገቡበታል ተብሎ ነበር፤ ገቡም። ለውጭ ባለሀብት ይቀርብ ከነበረው ማባበያ አንዱ ርካሽ ጉልበት ነው። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስና ሰብዓዊ መብቶች ማዕከል አንድ ጥናት አወጣ። የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፈ፤ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ ሠራተኛ 95 ዶላር፣ የኬንያዋ 207 ዶላር ታገኝ ነበር።

ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከ750 ብር ላይ የቤት ኪራይ አለ። ምግብ አለ። ሳሙናና የንጽሕና መጠበቂያ አለ። ቤተሰብም ልጄ ሥራ ያዘች ብሎ ይጠብቃል። አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ተከራይተው እንኳ ደሞዙ ወር አያደርስም ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? ልጆቹ ለቀቁ። ጥናቱ እንዳሰላው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። አንዷ ልጅ እጇ ከስፌት መኪናው ጋር በቅጡ ሲግባባ ጥላ ትሄዳለች። አዲሷ ትገባለች፤ ሥልጠናው ከሀ ይጀመራል። ልብሱም በሚፈለገው ፍጥነት አይወጣም። ከደሞዝ ላይ የተቆጠበው ብር በሌላ በር ይወጣል። ሎሚው ለባለቤቱ ሸክም ሆነ የምለው ይህንን ነው።

ሌላ ወገን ክርክር አለው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1970 የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት ሕግን አክብሮ ትርፍ ማሳደግ ነው ሲል ጽፎ ነበር። ሥራ አስኪያጅ በባለአክሲዮኖች ገንዘብ በጎ አድራጊ ልሁን ማለት የለበትም ነው ነገሩ። ይህ የሚናቅ ሐሳብ አይደለም፤ የሰው ገንዘብ የሰው ነው። ግን ደሞዝን ምን በጎ አድራጎት ውስጥ ከተተው? ስፌቱን የሰፋችው እሷ ናት። ሎሚው ሲለቀም እሷም ነበረችበት።

እኛ አገር ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየው የበዓል ማዕድ ማጋራት ነው። ዘይት፣ ዱቄት፣ ዶሮ ይታደላል፤ ካሜራ ይጠራል፤ ባነር ይዘረጋል። የተቀበለችው እናት ስለደስታዋ እውነቷን ነው፤ አልነቅፈውም። የሚያንገበግበኝ የዚያው ድርጅት ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ ለበዓሉ ብድር ፍለጋ ሲዞር ነው። ያቺ ዶሮ በደሞዙ ላይ ብትታሰብ ኖሮ ራሱ ይገዛት ነበር።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 89 መንግሥት የሀብት ክፍፍል ፍትሐዊ እንዲሆን የመሥራት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በተለያዩ ዓመታት በሜይ ዴይ ይህንኑ የደመወዝ ወለል ሲጠይቅ ሰምተናል። እኔም አብሬ እጠይቃለሁ፤ ወለሉ ደግሞ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ታይቶ ይወሰን።